ዳኛ የሌለበት ጨዋታ

በዚህ ዐምድ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ስምምነት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በዚህ ወር ግን ስለ ጨዋታ እንጽፋለን። ጨዋታ ለሕፃናት የተተወ ነገር ነው፤ ለመንፈሳዊ ቤተ ሰብም እምብዛም አይጠቅምም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጥቂት ታግሦ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን እንለምነዋለን። ካለፈው ልደት እስከ ዘንድሮው ልደት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ፣ በመጽሐፍ ብዙ ጊዜ አንብበን ያልገባንን አንድ ነገር ያስተማረን የገና ጨዋታ ነውና። ትምህርቱም ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ጎረቤታችን በእግሩ፣ እኛም በኀፍረታችን ከፍለንበታል።

የምንኖርባት የአማኑኤል ከተማ በምሥራቅ ጎጃም፣ በማቻከል ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ናት። በክረምት አገሩ ሁሉ ጭቃና ሰብል ስለሚሆን ለሩጫ የሚመች ስፍራ አይገኝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ጤፉና ስንዴው ታጭዶ ይከመራል፤ ማሳው ባዶውን ይቀራል፤ ከብቱም ይለቀቅበታል። ገበሬው ቀና ብሎ ሰማይን የሚያይበት፣ ልጆችም ከእረኝነት ጋር ዱላ የሚያወዛውዙበት ወራት ይህ ነው። ታኅሣሥ 28 ቀን የአማኑኤል በዓል ይከበራል፤ በማግሥቱም ልደት ነው። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የጾምነው የነቢያት ጾም በዚያ ሌሊት ይፈታል፤ ማኅሌቱ ተቁሞ፣ ቅዳሴው ተቀድሶ፣ ሰውም በየቤቱ ከቀማመሰ በኋላ፣ ከቀትር በኋላ ሁሉም ወደ ሜዳው ይወርዳል።

ገና የሚለው ቃል ልደት ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ እንደ ሆነ ይነገራል። አባቶቻችንም የጨዋታውን መነሻ ሲተርኩልን፣ በቤተ ልሔም ዙሪያ መንጋቸውን ይጠብቁ የነበሩት እረኞች የጌታን መወለድ ከመልአኩ በሰሙ ጊዜ፣ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በያዙት የእረኝነት በትር እየተጫወቱ ዘለሉ ይላሉ። ስለዚህ የገና ዱላ ጫፉ እንደ እረኛ በትር የቆለመመ ነው። ዱላው ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ይቆረጣል፤ እርጥብ ሳለ በእሳት ተለብልቦ ይታጠፋል፤ እስኪደርቅም ድረስ ታስሮ ይቆያል። የሚመታው ሩር ይባላል፤ ጥንግ የሚሉትም አሉ። እርሱም ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተጐንጕኖ የሚሠራ፣ በመዳፍ የሚያዝ ድቡልቡል ነገር ነው። ሁለት ወገን ሆነው ይሰለፋሉ፤ ሩሯ ከመሐል ትነሣለች፤ ወደ ሌላው ወገን ድንበር አሳልፎ የሰደዳት ይረታል። አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም እየሰደበ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ ተሸናፊውም ስድቡን እንደ ጸበል ተቀብሎ ይገባል።

ልብ አድርጉ፤ እኛ በምንጫወተው ጨዋታ ውስጥ ዳኛ የለም። በአዲስ አበባና በየክልሉ በባህል ስፖርት ፌዴሬሽን በኩል በሚደረገው ውድድር የተጻፈ ደንብ፣ የተወሰነ የተጫዋች ቁጥርና ዳኛ እንዳለ እናውቃለን። በመንደር ሜዳ ግን የሚዳኘው የሰው ቃል ነው። ሩሯ ድንበር አለፈች አላለፈችም፣ ዱላው ሩሯን ነካ ሰው ነካ የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ አንድ ሽማግሌ ተጫዋቹን ይጠይቀዋል፤ እርሱም ይመልሳል፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል። እንደዚሁም በገና ዕለት ቂም የለም። ጌታ እንኳ በሎሌው ዱላ ቢመታ ሊቆጣ እንደማይገባው የሚናገረውን የቆየ አባባል የማያውቅ የለም። በእውነቱ ይህ ታላቅ ሥርዓት ነው። ሰውን ሁሉ በአንድ ሜዳ አስተካክሎ የሚያቆም፣ በጌታ ልደት ቀን ትልቅና ትንሽ እንደሌለ የሚያሳይ ነው። ነገር ግን መልካም ሥርዓት ሁሉ በክፉ ሰው እጅ መሸሸጊያ ሊሆን እንደሚችል እኛ ራሳችን ምስክር ሆነናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ልደት፣ የሰፈራችን ወጣቶች ሰው ስለ ጎደላቸው መጥተው ጠሩን። ዕድሜያችን ከአርባ ያለፈ ቢሆንም በልጅነታችን በገና ጨዋታ የታወቅን ስለ ነበርን፣ በልባችንም ደስ እያለን፣ ነጠላችንን ለልጃችን ሰጥተን ገባን። የታች ሰፈር ወገን ነበርን። ከላይ ሰፈር በኩል የተሰለፈው፣ ከእኛ ጋር አጥር የሚጋራው ጎረቤታችን ነበር፤ እርሱም ገበሬ፣ የልጆች አባት፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ጊዜ አሳልፈው ጨዋታው እኩል ሆነ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትቃረብ ሩሯ ወደ ዳር ተንከባለለች። ጎረቤታችን ቀደመን። እኛም መዘግየታችንን እያወቅን ዱላችንን ሰነዘርን፤ ያረፈውም በሩሯ ላይ ሳይሆን በቅልጥሙ ላይ ነበር። ድምፁን ሰምተነዋል፤ እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም።

እርሱ ሲወድቅ ሩሯ ባዶ ቀረች፤ ከእኛ ወገን አንዱ ወጣት እየነዳ ድንበር አሳለፋት። የላይ ሰፈር ሰዎች «ሰው ተመትቷል፤ ትመለስ!» ብለው ጮኹ። አንድ ሽማግሌያቸው ወደ እኛ ቀርበው፣ በዓይናችን እያዩ «እግዜር ያሳይህ፤ የመታኸው ሩሯን ነው ወይስ ሰውየውን?» አሉን። የተናገርነውን ቃል ዛሬም እንሰማዋለን። «ሩሯን ነው» አልን። ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም። ወደ ሰዎቻቸው ዞረው «እንግዲያስ አለፈች» አሉ፤ ክርክሩም ቆመ። ጎረቤታችን በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ ሲነሣ አጠገባችን አለፈ፤ «ይሁን፤ ጨዋታ ነው» አለ። እኛም ከወጣቶቹ ጋር እየዘፈንን ተመለስን።

በማግሥቱ እግሩ አበጠ። ሐኪም ቤት ሲወሰድ አጥንቱ ተሰንጥቋል ተባለ፤ ለብዙ ሳምንትም እንዳይቆምበት ታዘዘ። ጊዜው የውቂያ ወራት ስለ ሆነ የጤፉ ክምር እንዳለ ቆሞ ነበር። ሰፈሩ ደቦ ወጣለት፤ እኛም ከሁሉ ቀድመን ተገኘን። በሬዎቻችንን አመጣን፤ መንሽ ይዘን እስከ ማታ ቆምን፤ እህሉን ተሸክመን እስከ ጎታው አደረስን። ባለቤታችንም እንጀራና ጠላ ላከች። ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጠን» ብሎ አመሰገነን። ጎረቤታችንም ከተኛበት ሆኖ «እግዜር ይስጥልኝ» ባለን ጊዜ፣ ምስጋናው ከስድብ ይልቅ ከበደን። በዚያ ወር ለእርሱ ያላደረግነው ነገር አልነበረም፤ አንዲት ቃል ብቻ ስትቀር። ድካሙንም፣ እህሉንም፣ ጠላውንም የሰጠነው ያችን ቃል ላለመስጠት እንደ ነበረ የገባን ግን ኋላ ነው።

ለራሳችን ያዘጋጀነው ምክንያት ብዙ ነበር። በገና ቂም የለም አልን። እርሱ ራሱ ጨዋታ ነው ብሏል አልን። ሆን ብለን ሳይሆን በሩጫ መካከል የሆነ ነው አልን፤ ይህም እውነት ነበር፤ ነገር ግን የተጠየቅነው ሆን ብለህ ነወይ ተብለን አልነበረም። ክቡራን አንባብያን፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በገና ጨዋታ መቆጣት የለም የሚለው ሥርዓት የተሰጠው ለተመታው ሰው ነው። ልቡን ከቂም እንዲያሳርፍበት ተሰጠው። የመታው ሰው ግን ይህን ሥርዓት አንሥቶ ለራሱ የሚለብሰው ከሆነ የሌላውን ሰው ልብስ ሰርቋል ማለት ነው። ይቅርታ የተበደለው ሰው ሀብት ነው፤ የበዳዩ ድርሻ እውነቱን መናገር ነው። እኛ የራሳችንን ድርሻ ሳንከፍል በእርሱ ሀብት መኖር ጀምረን ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። ለንስሓ ወደ ነፍስ አባታችን ቀርበን ሌላውን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ይህን ደግሞ በመጨረሻ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርገን ጨመርነው። እርሳቸውም ዝም ብለው ሰሙንና «ልጄ፣ ለእርሱስ ነግረኸዋል?» አሉን። በደቦው እንዳገዝነው፣ እህሉን እንዳስገባንለት፣ ጠላ እንደ ላክንለት ዘረዘርንላቸው። «እርሱን አልጠየቅሁህም» አሉን። ከዚያም ወንጌል የሚያዘውን አስታወሱን፤ መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ እንዳዘነበት ባሰበ ጊዜ፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ የታዘዘውን ማለታቸው ነው። ስግደትም አልጨመሩብን፤ ምጽዋትም አላዘዙብን። ፋሲካ ሳይደርስ ሄደህ ንገረው ብቻ አሉን። በእውነቱ መቶ ስግደት ቢያዙን በወደድን ነበር።

ከዚህ በኋላ ሦስት ጊዜ እስከ አጥሩ ሄደን ተመልሰናል። በአራተኛው ቀን ማታ፣ ጎረቤታችን ከደጁ ተቀምጦ የቀንበሩን ጠፍር ሲያበጅ አገኘነው። እግሩ ድኖ ነበር፤ ገና ሲራመድ ግን ጥቂት ያነክሳል። አጠገቡ ተቀምጠን፣ መሬት መሬት እያየን ነገርነው። ጠፍሩን መሳቡን አላቋረጠም። ጨርሰን ዝም ባልን ጊዜ ቀና ብሎ፦ «ወንድሜ፣ ዱላው ያረፈው በእኔ እግር ላይ ነው። ታዲያ ዛሬ አዲስ ወሬ ያመጣህልኝ መስሎሃል?» አለን። ከኀፍረታችን የተነሣ የምንለውን አጣን። እርሱም ቀጠለ፦ «እኔስ የዚያኑ ዕለት ይቅር ብያለሁ። ያሳዘነኝ በዚህ ልጅ ነው» ብሎ ከበሩ ውስጥ የተቀመጠውን፣ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነውን ልጁን አመለከተን። «ያን ማታ ‹አባባ፣ ሐሰት ተናግረው አሸነፉ አይደል?› ብሎ ጠየቀኝ። አዎን ብለው አንተን ማማት ሆነብኝ፤ አይደለም ብለው ልጄን መዋሸት ሆነብኝ። መልስ አጣሁለት። የተናገርኸው በሜዳው ላይ በልጆቹ ሁሉ ፊት ነው፤ ስለዚህ ስትመልሰውም በሜዳው ላይ፣ በፊታቸው መልሰው።»

ሜዳው እስኪመለስ ድረስ ግን ገና ብዙ ወራት ነበሩ። ፋሲካ አለፈ፤ ክረምት ገባ። በክረምቱ መካከል በአሜሪካ አገር ያደገ የእኅታችን ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ይዞት ከመጣው ዕቃ መካከል ፍሪስቢ የሚባል፣ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ቀላልና ክብ ሰሐን ነበረ። ዝናም ሲያባራ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በእርጥቡ ሣር ላይ እየወረወረ ያጫውታቸው ነበር። እኛም የልጆች መጫወቻ ብቻ መስሎን ነበርና፣ እርሱ ግን ዓመቱን ሙሉ በቡድን ተሰልፎ የተወዳደረበት የታወቀ ጨዋታ መሆኑን ነገረን። ይህ ጨዋታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሜፕልውድ በምትባል ከተማ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተጀመረ ነው። በሣር ሜዳ ላይ በእያንዳንዱ ወገን ሰባት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ሰሐኑን የያዘ ሰው መሮጥ አይፈቀድለትም፤ ለወገኑ እየወረወረ በሜዳው ጫፍ ባለው ስፍራ ውስጥ ያለ ጓደኛው ሲቀልበው ነጥብ ይቈጠራል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ለጨዋታው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሙሉ ዕውቅና ሰጥቶታል።

እኛን ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። በዚህ ጨዋታ በዓለም ውድድር ላይ ሳይቀር የሚፈርድ ዳኛ የለም። የተነካ ሰው ተነካሁ ብሎ ራሱ ይናገራል፤ የነካውም ሰው አዎን ወይም አይደለም ይላል። ካልተስማሙ ሰሐኑ ወደ ወርዋሪው ተመልሶ ጨዋታው እንደ ገና ይጀመራል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ወገን ለሌላው ወገን ስለ ጠባዩ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሕጉን ስለ ማወቁ፣ ሰው ባለመግፋቱ፣ በቅን ስለ መፍረዱ፣ ራሱን ስለ መግዛቱና በመልካም ስለ መነጋገሩ ማለት ነው። የእኅታችን ልጅ እንዲህ አለን፦ «አጎቴ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ሥርዓት የየዋሆች ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። ዳኛ ባለበት ጨዋታ ያደግሁ ስለ ሆንሁ፣ ዳኛው ካላየኝ አላጠፋሁም ብዬ አምን ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ከሁሉ የከበደኝ ሩጫው አልነበረም፤ ‹አዎን፣ ነክቼሃለሁ› ማለት ነበር የከበደኝ።» ስለ ራሱ የተናገረ መስሎት ነበር፤ እኛ ግን ስለ እኛ የተናገረ መስሎን ፊታችን ጋለ።

ነገሩን ባሰብነው ቁጥር፣ የዛሬው ዓለም የሚያመልከው የእግር ኳስ እንኳ በመጀመሪያው ዘመን ክርክር ሲነሣ በሁለቱ ወገን አለቆች ስምምነት ይዳኝ እንደ ነበር አስታወስን። ውድድሩ እየከረረ ሲሄድ መስማማት ጠፋ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ዳኛው ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶት ወደ ሜዳው ውስጥ ገባ። ዛሬ ደግሞ ዳኛውንም የሚዳኝ የፊልም መሣሪያ ተጨምሮለታል። ይህን የምንለው ዳኛን ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙ ሰው በሚሰበሰብበትና ብዙ ገንዘብ በሚፈስበት ስፍራ ዳኛ የግድ ነው። ነገር ግን ዳኛ በገባበት ስፍራ ሁሉ አንድ ነገር ይወጣል፤ ተጫዋቹ ራሱን መዳኘት ይተዋል። ፊሽካው እስካልተነፋ ድረስ ንጹሕ ነኝ ይላል። በትዳርም፣ በንግድም፣ በቢሮም ፊሽካ እየጠበቀ የሚኖር ሰው ስንት እንደ ሆነ እናንተው አስቡት።

ኅዳር ሲገባ የሁለቱ ሰፈር ወጣቶችና ሽማግሌዎች ስለ መጪው ልደት ለመነጋገር ተሰበሰቡ። አንዳንዶቹ ባለፈው ዓመት የሆነውን አንሥተው፣ ዘንድሮ ከሌላ ሰፈር ዳኛ እናምጣ አሉ። ሐሳቡ የመጣው በእኛ ጥፋት ምክንያት መሆኑን ስላወቅን አፋችንን ለመክፈት አፈርን። ባለፈው ዓመት የጠየቁን ሽማግሌ ግን «ዳኛ ካመጣን ገናው የእርሱ ይሆናል፤ እኛ ምን ቀረን?» አሉ። በዚህን ጊዜ ከእኅታችን ልጅ የሰማነውን ነገርናቸው። ከብዙ ንግግር በኋላ ዳኛ እንዳይኖር፣ የነካ ሰው ራሱ እንዲናገር፣ ሁለቱ ካልተስማሙም ሩሯ ወደ መሐል ተመልሳ እንደ ገና እንድትነሣ ተስማሙ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው «ይህማ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ ፈረንጅ ሰሐን ላይ ጭኖ መለሰልን» አሉ።

ልደት ደረሰ። ሁለቱ ወገኖች ከመሰለፋቸው በፊት ወደ ሜዳው መሐል ገብተን፣ ጥቂት ጊዜ እንዲሰሙን ለመንናቸው። ንግግር አዘጋጅተን ነበር፤ ሁሉም ጠፋን። «ባለፈው ዓመት የመታሁት ሩሯን አልነበረም፤ ሰውየውን ነው። ሩሯን ነው ያልሁት ሐሰት ነው። ማሸነፍ አልተገባንም ነበር» አልን፤ ከዚህ የሚበልጥ አልተናገርንም። ሜዳው ጸጥ አለ። ከእኛው ወገን አንዱ ጐልማሳ «ታዲያ ያ ሁሉ ስድብ በከንቱ ወጣ በሉኛ!» ባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ጎረቤታችን ዘንድሮ አልተሰለፈም፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር በዳር ተቀምጦ ነበር። ልጁ ግን ዱላ ይዞ ከትንንሾቹ ጋር ቆሞ፣ አንድ ጊዜ እኛን አንድ ጊዜ አባቱን ያይ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ዘንድሮም አንድ ለአንድ ሆነ፤ በመጨረሻውም ከእኛ ወገን አንዱ ወጣት ሩሯን ይዞ ወደ ድንበሩ ቀረበ። አንድ ምት ብቻ ቀርቶት ሳለ በድንገት ቆመና ዱላውን ወደ ላይ አነሣ። «እግሬን ነክታኛለች» አለ። ማንም አላየም ነበር። ከወገናችን ሁለት ሦስት ሰዎች «ዝም በል፤ ምታ!» ብለው ገሠጹት። እርሱ ግን ሩሯን በእጁ አንሥቶ ለሌላው ወገን ሰጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የላይ ሰፈር አሳለፈና ተሸነፍን። ማታ ሲመለሱ ስለ እኛ ሽበትና ስለ እኛ ጉልበት የገጠሙት ግጥም ለዚህ መጽሔት የሚሆን አይደለም፤ በደስታ ግን ሰማነው። ከወገናችን መካከል ያ ወጣት ጨዋታውን አበላሸብን ብለው እስከ ዛሬ ያኮረፉ መኖራቸውን ልንሸሽግ አንወድም። እውነት መናገር ሁልጊዜ ጭብጨባ አያገኝም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገኘው ሽንፈትና ኩርፊያ ነው። ይህን ለልጆቻችን አስቀድመን ካልነገርናቸው፣ በመጀመሪያው ኩርፊያ ይተዉታል።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ወደ እኛ መጣ። ስለ ባለፈው ዓመት ምንም አላነሣም። ዱላውን አሳየንና በእሳት ለብልቦ ያጠፈው ራሱ እንደ ሆነ ነገረን። ተቀብለን አየነው፤ ማጠፊያው ላይ ጥቂት ተሰንጥቆ ነበር። በጠፍር ቢታሰር ይሻላል አልነው፤ እኛው ቤት ገብቶም አብረን አሰርነው።

ወላጆች ሆይ፤ ከዚህ አንድ ዓመት ያገኘነውን ለቤታችሁ እንዲጠቅም በአጭሩ እናቀርባለን። ልጆች ተጣልተው ወደ እኛ ሲመጡ፣ ብዙዎቻችን እንደ ዳኛ ተቀምጠን ማን ጀመረ ብለን እንጠይቃለን፤ እነርሱም እያንዳንዳቸው ጣታቸውን በሌላው ላይ ይቀስራሉ። ከዚህ ይልቅ እያንዳንዱን ለብቻው «አንተ ምን አደረግህ?» ብለን ብንጠይቀውና ወንድሙ ስላደረገው እንዳይናገር ብናደርገው፣ በውስጡ ያለውን ዳኛ እናስነሣለታለን። ዳግመኛም ልጅ እውነቱን በተናገረ ጊዜ የምንገርፈው ከሆነ ሐሰትን ያስተማርነው እኛ ነን። ጥፋቱን ያቃናው፤ የሰበረውን ያስጠግነው፤ ያሳዘነውን ያስታርቀው፤ ስለ ተናገረው እውነት ግን እንመስግነው። ከሁሉም በላይ እኛ ወላጆች በልጆቻችን ፊት ያጠፋነውን በልጆቻችን ፊት እንመልሰው። ባል ሚስቱን በማዕድ ላይ በልጆች ፊት አዋርዶ በጓዳ ይቅርታ ቢጠይቅ፣ ሚስት ይቅር ትላለች፤ ልጆቹ ግን ያዩት ውርደቱን ብቻ ነው። ጎረቤታችን ያስተማረን ይህን ነው።

ደግሞም ስጦታ የንስሓ ምትክ እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ። በድለነው ሳለ ሥጋ የምንልክለት፣ ገንዘብ የምናበድርለት፣ በደቦው ቀድመን የምንገኝለት ሰው ካለ፣ ስጦታችንን አናቁም፤ ነገር ግን ከስጦታው በፊት መናገር የሚገባን ቃል መኖር አለመኖሩን ልባችንን እንጠይቀው። አሁን የመጪው ልደት ሩቅ ነው። በየሰፈሩ ያሉት ዱላዎች ግን ከጣራ ሥር ተሰቅለው ይጠብቃሉ፤ እኛም በቀረው ዓመት በገበያም በቤትም የምንጫወተው ዳኛ በሌለበት ሜዳ ነው። ሰው ባያየን የሚያየን አምላክ፣ ሲጠየቁ እውነቱን የሚናገሩ፣ ሳይጠየቁም የሚናገሩ ልጆች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።